ባለ ሁለት ባንድ የእጅ ሬዲዮ ይዞ ለመሰማት

(በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ በአንድ የኢትዮጵያውያን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ውድ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ወጣቶች፣ እንደምን አመሻችሁ! የሳምንቱን ድካም ሳትቆጥሩ፣ ልጆቻችሁን አስከትላችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ይህን ምሽት ያዘጋጁትንም እግዚአብሔር ይስጥልን።

ዛሬ የምናገረው በእጄ ስለያዝኋት ስለዚህች ትንሽ ሬዲዮ ነው። ብዙዎቻችን ዎኪ ቶኪ እንላታለን። ባለ ሁለት ባንድ የምትባለው በሁለት የሞገድ ክልሎች ስለምትሠራ ነው። አንደኛው የሁለት ሜትር ባንድ ሲሆን እዚህ አሜሪካ ከ144 እስከ 148 ሜጋኸርዝ ያለውን ይይዛል፤ ሁለተኛው የ70 ሴንቲሜትር ባንድ ሲሆን ከ420 እስከ 450 ሜጋኸርዝ ነው።

አዳራሹን ስመለከት ፈቃድ አውጥታችሁ በአየር ላይ ድምፃችሁን የማውቀው አላችሁ። ለፈተናው እያጠናችሁ ያላችሁም አላችሁ። ከሁሉም የሚበዙት ግን «ለክፉ ቀን ይሆነኛል» ብለው ሬዲዮውን ገዝተው፣ ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀመጡት ይመስሉኛል። ንግግሬ በተለይ ለእናንተ ነው። በደኅናው ቀን ያልተለመደ ሬዲዮ በክፉ ቀን ምን ይጠቅማል? መብራት ጠፍቶ፣ ልጆች ፈርተው እያለቀሱ፣ መመሪያውን በእጅ ባትሪ እያበሩ አንድ ብሎ መማር ይቻላል? አይቻልም፤ ፈጽሞ አይቻልም! ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አስረዳለሁ፦ ድምፃችን የት ድረስ እንደሚሄድ፣ ሪፒተር የሚባለው፣ ድምፃችንን ተቀብሎ አርቆ የሚያስተላልፈው ጣቢያ እንዴት እንደሚከፈት፣ ከዚያም በአየር ላይ እንዴት እንደምንነጋገር።

አስቀድሜ ስለ ፈቃዱ ጥቂት ልበል። የአማተሮችን፣ ማለትም ለንግድ ሳይሆን ለራሳቸው ፍላጎት በሬዲዮ የሚነጋገሩትን ሰዎች ንግግር ማዳመጥ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ገብታችሁ ማዳመጥ መጀመር ትችላላችሁ። ለመናገር ግን ኤፍሲሲ ከሚባለው የፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ቴክኒሺያን ይባላል። ፈተናው 35 ጥያቄ ሲሆን 26ቱን የመለሰ ያልፋል። ጥያቄዎቹ የሚወጡበት ዝርዝር ከነመልሱ አስቀድሞ ለሕዝብ የወጣ ስለሆነ፣ በሥራ እረፍት ሰዓት በስልኩ ላይ እያነበበ የሚዘጋጅ ሰው ሊፈራው የሚገባ ፈተና አይደለም። የሞርስ ኮድ ለዚህ ደረጃ ከ1991 ጀምሮ ቀርቷል። ለኮሚሽኑ የሚከፈለው 35 ዶላር ነው፤ ፈቃዱም ለ10 ዓመት ያገለግላል። ይህን ልብ በሉልኝ፦ ፈቃዱ የሚሰጠው ለሰው እንጂ ለመሣሪያው አይደለም። አባት ፈቃድ ስላለው ልጁ ብቻውን ሬዲዮውን ወስዶ ሊናገርበት አይችልም፤ አባት አጠገቡ ሆኖ እየተቆጣጠረ ግን ልጁ እንዲናገርበት መፍቀድ ይችላል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀኝ «ይህች ሬዲዮ ስንት ኪሎ ሜትር ትደርሳለች?» ብሎ ነው። ጥያቄው መሆን ያለበት ግን «የት ቆሜ ልናገር?» የሚለው ነው። በእነዚህ ሁለት ባንዶች ላይ ያለው ሞገድ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ፣ ተራራና የምድር ጉብታ ያግዱታል፤ ሕንፃና ርጥብ ዛፍም ያዳክሙታል። ሁለት ሰዎች ገላጣ ሜዳ ላይ ቆመው ሬዲዮውን ፊታቸው ፊት ቢይዙ፣ የምድር ክብነት ብቻ በ10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይለያያቸዋል። በከተማ ውስጥ፣ በቤቶች መካከል፣ ከዚያም በጣም ያንሳል። አንደኛው ሰው 100 ሜትር ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቢቆም ግን የእሱ አድማስ ብቻውን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ይህን የሚያደርገው ዋት ሳይሆን ከፍታ ነው፤ ደግሜ እላለሁ፣ ከፍታ ነው!

አንድ ጊዜ በመኸር ወራት፣ ቅጠሉ ቀይና ቢጫ በሚሆንበት ሰሞን፣ ከወጣቶችና ከእናቶች ጋር ወደ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሄደን ነበር። መንገዱ ላይ ለሁለት ተከፈልን፤ ወጣቶቹ ቀድመው ሄዱ፣ እናቶች ከእኔ ጋር ቀስ እያሉ ተከተሉ። የሁለታችንም ቡድን በ5 ዋት የሚሠራ የእጅ ሬዲዮ ነበረው። በመካከላችን አንድ ኪሎ ሜትር የሚሞላ ርቀት ሳይኖር፣ እነሱ ከኮረብታው ጀርባ ባለው ሸለቆ ስለነበሩ ጩኸት እንጂ ቃል አልሰማንም። ከሰዓት በኋላ በፓርኩ ከፍተኛው በሆነው፣ 1,235 ሜትር ከፍታ ባለው በሆክስቢል ጫፍ ላይ ሆነን፣ ያችኑ ሬዲዮ ወደ 1 ዋት ዝቅ አድርጌ ስናገር ከሸለቆው ማዶ ያለ ሪፒተር ከፈተልኝ፤ አንድ አዛውንትም ከሩቅ ከተማ ጥርት ባለ ድምፅ መለሱልኝ። ያኔ አብረውኝ የነበሩት እናቶች ስለ ሞገድ ከብዙ ሰዓት ትምህርት የማያገኙትን በዓይናቸው አይተው ተመለሱ።

ከከፍታ ቀጥሎ አንቴና ነው። ከሬዲዮው ጋር የሚመጣው አጭር የጎማ አንቴና ለኪስ እንዲመች የተሠራ ነው። ለሁለት ሜትር ባንድ የሩብ ሞገድ ርዝመት ወደ 50 ሴንቲሜትር ይጠጋል፤ የጎማው አንቴና ከዚህ እጅግ ስለሚያጥር ከኃይሉ ብዙው ይባክናል። ናጎያ 771 የሚባለውን ዓይነት ወደ 40 ሴንቲሜትር የሚረዝም ቀጭን አንቴና ብትገዙ ለውጡን ወዲያው ትሰሙታላችሁ፤ አስመስለው የሚሠሩት ስለበዙ ከታመነ ሻጭ ግዙ፤ ማያያዣውም ወንድና ሴት አለውና ከሬዲዮአችሁ ጋር የሚገጥመውን ለዩ። ገንዘብ ላለማውጣት የሚሻ ደግሞ 50 ሴንቲሜትር ያህል ቀጭን ሽቦ ከአንቴናው ሥር ካለው የብረት ቀለበት ጋር አያይዞ ወደ ታች ይልቀቀው፤ በሁለት ሜትር ባንድ ላይ በጣም ይረዳል። አንቴናውን ምንጊዜም ወደ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ ሪፒተሮች አንቴናቸው ቁም ስለሆነ የእናንተ ተጋድሞ ከሆነ ድምፃችሁ ይደክማል። ሬዲዮውን ቀበቶ ላይ አንጠልጥሎ መናገርም አይበጅም፤ ሰውነታችን ሞገዱን ይውጠዋል። ከምድር ቤት ከሆናችሁ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ሜዳ ውጡ።

ሁለተኛው ነጥብ ሪፒተር ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሬዲዮውን ወደ ካርቶኑ የሚመልሰው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ሪፒተር በረጅም ሕንፃ ወይም በተራራ ላይ የተተከለ ጣቢያ ነው። ከታች በደካማ ድምፅ የተነገረውን ሰምቶ፣ ከኮረብታ ላይ ሆኖ ለሕዝቡ ሁሉ በታላቅ ድምፅ እንደሚደግም አዋጅ ነጋሪ ማለት ነው። በአንድ ጊዜ እየሰማ ስለሚናገር ሁለት ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም ሁለት የሞገድ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ በአንዱ ይሰማል፣ በሌላው ይናገራል። እኛ ደግሞ ተቃራኒውን እናደርጋለን፤ እሱ በሚናገርበት እንሰማለን፣ እሱ በሚሰማበት እንናገራለን። የሁለቱ ልዩነት ኦፍሴት ይባላል። እዚህ አገር በሁለት ሜትር ባንድ ላይ ዘወትር 600 ኪሎኸርዝ፣ በ70 ሴንቲሜትር ባንድ ላይ 5 ሜጋኸርዝ ነው።

ከዚህ ሌላ ቶን የሚባል አለ። ይህ ከድምፃችን ሥር አብሮ የሚላክ ዝቅተኛ ድምፅ ሲሆን፣ ከ67.0 እስከ 254.1 ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ከተወሰኑት ቁጥሮች አንዱ ነው። ሪፒተሩ የራሱን ቶን ካልሰማ በሩን አይከፍትም። እናንተ ሁሉንም ትሰማላችሁ፤ እናንተን ግን ማንም አይሰማም። ስንቶቻችሁ ናችሁ «ስናገር ሰዎቹ ዝም ይሉኛል፣ አኩርፈውኛል መሰለኝ» ያላችሁኝ? ወገኖቼ፣ ማንም አላኮረፋችሁም! ቶናችሁ አልተሞላም፤ ከዚያ በላይ ምንም የለም።

አሁን በብዙዎቻችሁ እጅ ባለው በባኦፌንግ ዩቪ-5አር ላይ አብረን እንሥራው። ሪፒተራችን በ146.940 የሚናገር፣ 600 ኪሎኸርዝ ዝቅ ብሎ በ146.340 የሚሰማ፣ ቶኑም 100.0 የሆነ ነው እንበል። መጀመሪያ ቪኤፍኦ/ኤምአር የሚለውን ብርቱካናማ ቁልፍ ተጭናችሁ ሬዲዮው በፍሪኩዌንሲ ላይ መሆኑን አረጋግጡ፤ በመስኮቱ (በስክሪኑ) ላይ ካሉት ሁለት መስመሮች በላይኛው ላይም ቁሙ። ሜኑን ተጭናችሁ 7ን ጻፉና በሁለት መስመር መጠበቁን አጥፉ፤ ካልጠፋ ባልፈለጋችሁት መስመር ላይ ልትናገሩ ትችላላችሁ። ከዚያ 146940 ብላችሁ ጻፉ። ሜኑ 25 ላይ የኦፍሴቱን አቅጣጫ ወደ መቀነሻ ምልክት አድርጉ። ሜኑ 26 ላይ 0.600 እስኪነበብ ሙሉ። ሜኑ 13 ላይ 100.0 ምረጡ። ሜኑ 13 የምትልኩት ቶን ነው፤ ሜኑ 11 የምትቀበሉት ነው፤ 11ን ሳትነኩ እንደ ጠፋ ተዉት። እያንዳንዱን ከመረጣችሁ በኋላ እንደገና ሜኑን መጫን ያጸድቀዋል።

ልክ መሆኑን እንዴት እናውቃለን? ይህን በቅርብ ተመልከቱ፤ ከፊት ያላችሁ ልጆች ቀረብ በሉ። የመናገሪያውን ቁልፍ ስጫን ከላይ ያለችው መብራት ቀይ ሆነች፤ መስኮቱ ላይ የነበረው 146.940ም ወደ 146.340 ተለወጠ። ስለቀው ወደ ቦታው ተመለሰ። ቁጥሩ ካልተለወጠ ኦፍሴቱ አልገባም ማለት ነው። ስትሞክሩት ግን ከፈቃዱ ጋር የሚሰጣችሁን መለያ፣ የጥሪ ምልክታችሁን፣ ሳትናገሩ ቁልፉን ብቻ ተጭኖ መልቀቅ ነውር ነው፤ ሕግም ይከለክለዋል። ምልክታችሁን ተናግራችሁ «ቴስቲንግ» በሉ፤ ይበቃል።

ይህን ሁሉ በየቀኑ መሥራት አያስፈልግም፤ በሬዲዮው ውስጥ ባለው ማስታወሻ ላይ ይቀመጣል። በቁልፍ ማስቀመጥ ቢቻልም፣ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ቸርፕ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም መሙላት እጅግ ይቀላል። ቢሆንም ቢሆንም በእጅ መሙላትን እወቁ እላለሁ። ችግር ሲመጣ ኮምፒውተሩ አጠገባችሁ ላይኖር ይችላል፤ ሌላ ሪፒተር ሲነገራችሁ ቆማችሁ መሙላት መቻል አለባችሁ።

ሪፒተር በሌለበት ከሬዲዮ ወደ ሬዲዮ ቀጥታ መነጋገር ሲምፕሌክስ ይባላል። በመላው አሜሪካ የታወቁት የመጥሪያ ፍሪኩዌንሲዎች በሁለት ሜትር 146.520፣ በ70 ሴንቲሜትር 446.000 ናቸው። እዚያ ተጠራርታችሁ ወደ ሌላ ዞር በሉ እንጂ መጥሪያው ላይ ወግ አትያዙ።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልለፍ። ብዙ ጊዜ የምጠየቀው «በአማርኛ መነጋገር ይፈቀዳል ወይ?» ተብዬ ነው። ይፈቀዳል! በፈለጋችሁት ቋንቋ መነጋገር ትችላላችሁ። የጥሪ ምልክታችሁን በድምፅ ስትናገሩ ግን በእንግሊዝኛ መሆን አለበት፤ ይህንንም በንግግር መካከል ቢያንስ በየ10 ደቂቃው፣ በመጨረሻም ስትሰናበቱ ማድረግ ግዴታ ነው። ሪፒተሩ የብዙ ሰው ስለሆነ፣ በአማርኛ ስንጫወት አልፎ አልፎ በእንግሊዝኛ «ቦታ የሚፈልግ አለ?» ማለት ጨዋነት ነው። በአየር ላይ ሰው ሁሉ በስሙና በጥሪ ምልክቱ ይጠራል፤ እኛ በእኛ መካከል ግን ጋሼና እትዬ ማለታችንን አንተውም።

የተከለከለውንም በግልጽ ልናገር። የአማተር ባንድ ለንግድ አይሆንም። ከእኛ መካከል ታክሲ የምትነዱ፣ ምግብ ቤት ያላችሁ፣ ዕቃ የምታደርሱ ብዙ ናችሁ፤ ሠራተኛን ለማሰማራት ወይም ደንበኛን ለመቀበል ይህን ሬዲዮ መጠቀም ክልክል ነው። ሙዚቃ ማሰማትም እንዲሁ፤ መኪና ውስጥ መዝሙር ከፍታችሁ ከሆነ ከመናገራችሁ በፊት ዝቅ አድርጉት። በሚስጥር ኮድ መነጋገርም አይቻልም። ይህች ሬዲዮ ከአማተር ባንድ ውጭ ፖሊስና እሳት አደጋ በሚሠሩባቸው ክልሎች ላይ ጭምር ልትናገር የምትችል ስለሆነች፣ ፍሪኩዌንሲውን ሳያረጋግጡ ቁልፉን መጫን ከባድ ጣጣ ያመጣል። ለቤተሰብ ብቻ ፈልጋችሁ ፈተናውን ለማትሹ ደግሞ ጂኤምአርኤስ የሚባል ሌላ አገልግሎት አለ፤ ያለ ፈተና በ35 ዶላር አንድ ፈቃድ ለቤተሰቡ ሁሉ ይበቃል፤ ለዚያ የተፈቀደ የራሱ ሬዲዮ ግን ያስፈልጋል።

አነጋገሩን በተመለከተ፦ መጀመሪያ አዳምጡ። ሌላ ሰው እየተናገረ እንዳልሆነ ካረጋገጣችሁ በኋላ ቁልፉን ተጫኑ፤ አንድ ሰከንድ ያህል ቆዩ፤ ከዚያ ተናገሩ። ወዲያው ከተናገራችሁ ሪፒተሩ ሳይከፈት የመጀመሪያ ቃላችሁ ይቀራል። ማይኩን ከአፋችሁ አራት ጣት ያህል አርቁት፤ አትጩኹ፤ መጮኽ ድምፁን ያበላሸዋል እንጂ አያርቀውም። ሰው ስትጠሩ የእሱን ምልክት አስቀድማችሁ የራሳችሁን አስከትሉ። አንዱ ጨርሶ ሌላው ከመቀጠሉ በፊት ትንሽ ክፍተት ተዉ። አጣዳፊ ነገር የገጠመው ሰው የሚገባው በዚያች ክፍተት ነው።

ይህን የምለው በከንቱ አይደለም። በጁን 29 ቀን 2012 ሌሊት ዴሬቾ የተባለው ኃይለኛ ነፋስ ይህን አካባቢ ሲመታ እዚህ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። በስድስት ክፍለ ግዛቶች ውስጥ ከ3.6 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚያገለግሉ 77 የ911፣ ማለትም የአደጋ ጊዜ ስልክ ጥሪ ማዕከሎች ግንኙነታቸው በከፊል ወይም በሙሉ ተቋርጦ እንደነበር ኤፍሲሲ በኋላ ገልጿል፤ ፌርፋክስና ፕሪንስ ዊልያም ካውንቲዎችም ከተጎዱት መካከል ነበሩ። እኔ ያኔ አናንዴል ነበር የምኖረው፤ ፈቃድም አልነበረኝም። በማግስቱ ሙቀቱ ያቃጥላል፣ መብራት የለም፣ 911 አይነሳም። ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ በረንዳቸው ላይ ወንበር አውጥተው፣ እንደዚህች ያለች ሬዲዮ ይዘው፣ የትኛው መንገድ በዛፍ እንደተዘጋ፣ የትኛው ነዳጅ ማደያ እንደሚሠራ እየሰሙ ለሕንፃው ሰው ሁሉ ይነግሩ ነበር። ልብ አድርጉ፤ ሰውየው ያን ዕለት መማር አልጀመሩም። ኔት በሚባለው ሳምንታዊ የአየር ላይ ስብሰባ ዘወትር ይገኙ ስለነበር የሰዎቹን ድምፅ ያውቃሉ፣ ሰዎቹም ያውቋቸዋል፤ ማንን ምን እንደሚጠይቁ አልቸገራቸውም። በ2017 ማሪያ የተባለችው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ባወደመች ጊዜም የአሜሪካ ቀይ መስቀል ከአገሪቱ የአማተር ሬዲዮ ማኅበር 50 ኦፕሬተሮች ጠይቆ 22ቱ ተልከው ነበር።

ለልጆቹ አንድ ነገር ልጨምር፤ ገና ከመጀመሪያው ሲጠባበቁ አይቻቸዋለሁ። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ሪፒተር አለ። ሲከፈት በ145.990 ከ67.0 ቶን ጋር ይሰማል፣ በ437.800 ይናገራል። አንዱ በሁለት ሜትር ሌላው በ70 ሴንቲሜትር ስለሆነ ባለ ሁለት ባንድ ሬዲዮ የተፈጠረችለት ሥራ ነው። ጣቢያው እጅግ ስለሚፈጥን ወደ እናንተ ሲመጣ ፍሪኩዌንሲው ከፍ ብሎ በ437.810 አካባቢ ይሰማል፤ ሲርቅ ወደ 437.790 ይወርዳል። ለማዳመጥ ፈቃድ አያስፈልግምና የሚያልፍበትን ሰዓት አይታችሁ፣ ረጅሙን አንቴና ገጥማችሁ ከወላጆቻችሁ ጋር ወደ ሜዳ ውጡ።

አደራ የምለው ሌላም አለ። ወደ አገር ቤት ስትሄዱ ይህን ሬዲዮ ሻንጣ ውስጥ ከትታችሁ አትሂዱ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ፈቃድ ማስገባትም ሆነ መጠቀም አይቻልም፤ የሚመለከተውም በ2019 በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የአሜሪካ ፈቃዳችሁ እዚያ በራሱ አይሠራም። አማተር ሬዲዮን በአገራችን ማየት የምትሹ አዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ ያለውን ኢ ቲ 3 ኤ ኤ የተባለውን የክለብ ጣቢያ አስቡ፤ ተማሪዎች ከዓለም ጋር የሚነጋገሩበት ቦታ ነው።

በመጨረሻ የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። በሳምንት አንድ ምሽት፣ ለግማሽ ሰዓት፣ በአማርኛ የሚካሄድ ኔት እንጀምር። ሪፒተር ለመጠቀም ባለቤቶቹን ማስፈቀድ ስላለብን እሱን እኔ እጠይቃለሁ፤ እስከዚያው ባለፈቃዶቹ በሲምፕሌክስ እንሞክረው፣ ፈቃድ የሌላችሁ አዳምጡ። የሚመራው ሰው በየተራ ይጠራል፤ እያንዳንዱ ምልክቱን፣ ያለበትን ሰፈርና በስንት ዋት እንደሚናገር ይገልጻል፤ ከየትኛው ሰፈር የት እንደሚሰማ በወረቀት እንመዘግባለን።

አሁን ሬዲዮ ይዛችሁ የመጣችሁ ከግራ በኩል ወዳለው ጠረጴዛ ቅረቡ፤ ኬብልና ኮምፒውተር አዘጋጅተናል። ለፈተናው መመዝገብ የምትሹ በቀኝ በኩል ስማችሁን አስመዝግቡ። ስለ ትዕግሥታችሁ አመሰግናለሁ።